አረንጓዴ ቀሚስ ለለበሱ አራት ሚዜዎች አንድ ዓይነት አይሻዶ ይስማማል?

የኮዬዋ ሚዜ

ክቡራትና ክቡራን የዚህ ገጽ ተሳታፊዎች፣

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ታላቅ እህቴ በመጪው ጥር፣ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ የምትዳር ሲሆን፣ ድንኳኑ የሚተከለው በብሎኮቻችን መካከል ባለው ሜዳ ላይ ነው። አራት ሚዜዎች ነን፤ ቀሚሳችን የተሰፋው ጠቆር ካለ አረንጓዴ ሳቲን ነው። ሙሽራዋ ታዲያ የአራታችንም የዓይን ቆብ ልክ ቀሚሱን በሚመስል አረንጓዴ አይሻዶ እንዲቀባ ወስናለች፤ ፓሌቱንም ከመርካቶ ገዝታ አምጥታለች።

ችግሩ ዓይናችን አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የእኔ ፈካ ያለ ቡናማ ሲሆን ፀሐይ ሲያርፍበት የማር መልክ ይይዛል። የሁለቱ የሙሽራዋ ጓደኞች ከጥቁር ለመለየት የሚያስቸግር ጥቁር ቡናማ ነው። አራተኛዋ የወንድማችን ባለቤት ናት፤ የውጭ አገር ሰው ስትሆን ዓይኗ አረንጓዴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሁላችንም ተቀብተን ስንተያይ ከጥቁር ዓይናሞቹ በአንደኛዋ ላይ እጅግ አማረ። በእኔ በጠይሟ ላይ ግን ዐመድ የተነሰነሰበት መሰለ፤ የወንድሜ ባለቤት ዓይን ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ደብዝዞና ቀላ ብሎ ታየ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ እንደሆነ የጠየቋት እንኳ ነበሩ።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው ሠንጠረዦች ለቡናማ ዓይን ይህ፣ ለአረንጓዴ ዓይን ያ እያሉ ይደረድራሉ፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ለመሆኑ ለዓይን ቀለም የሚስማማውን አይሻዶ ለመምረጥ የሚያስተማምን መንገድ አለን? አራታችን ሳንለያይ፣ እያንዳንዳችንም ሳይከፋብን መዋብ የምንችልበት ዘዴስ ይኖራል? ሙሽራዋን የማሳምንበትን ምክንያት ጭምር ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው፤ አያምርም ብቻ ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁና።

ባለብሩሽ ከቱሉ ዲምቱ

እንኳን ደስ ያላችሁ። ሙሽሮችንና ሚዜዎችን ማስዋብ የዕለት እንጀራዬ በመሆኑ ይህ ጥያቄ ጥር በመጣ ቁጥር ይገጥመኛል። አይሻዶን ከቀሚስ ጋር ማመሳሰል እኔ ከማያቸው ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው ብል አላጋነንኩም። ቀሚሱ ያለው ከአንገት በታች ነው፤ የአይሻዶው የቅርብ ጎረቤት ግን ዓይኑና ቆዳው ነው፤ መስማማት ያለበትም ከእነርሱ ጋር ነው።

ሠንጠረዦቹ የማይስማሙት ቡናማ ዓይን የሚለው አንድ ስም ብዙ ዓይነት ዓይን ስለሚሸከም ነው። ከጥቁር የማይለየው ዓይን ከማንኛውም ቀለም ጋር አይጣላም፤ ወርቃማውም፣ ጥቁር ሰማያዊውም፣ ወይን ጠጁም፣ የጠርሙስ አረንጓዴውም ይቀበሉታል። በጓደኛዎ ላይ ያማረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እንደ እርስዎ ያለውን የማር መልክ ያለው ዓይን ግን ሰማያዊና ሐምራዊ ያወጡታል፤ ከእነዚህ አጠገብ ሲሆን በውስጡ የተደበቀው ወርቅ ብቅ ይላል። አረንጓዴ ዓይን የሚፈልገው ወደ ቀይ የሚያዘነብሉትን ነው፤ ማለትም ወይን ጠጅ፣ የቀይ ሥር ቀለም፣ ቀላ ያለ ቡናማ። ሰማያዊ ዓይን ከመካከላችሁ ስለሌለ ለሱ መዳብና ነሐስ ይስማሙታል ብዬ አልፋለሁ።

ዐመዱን በተመለከተ ግን ዓይንዎን አይውቀሱ፤ ጥፋቱ የዱቄቱ ነው። ፈዘዝ ያሉ አይሻዶዎች ከቀለሙ ጋር ታልክና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት በብዛት ይደባለቅባቸዋል። ይህ ነጭ በፈረንጅ ቆዳ ላይ ብዙም ሳይታይ ያልፋል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ግራጫ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ቆቡ ላይ የቆዳዎን ቀለም የሚመስል ክሬም ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከዚያም ዱቄቱን በብሩሽ ከመጥረግ ይልቅ በጣት ጫፍ ጫን ጫን እያደረጉ ያስቀምጡት። የሚያብረቀርቅ ዓይነት ከሆነ ብሩሹን በጥቂቱ ማርጠብ ቀለሙን ያጠነክረዋል። ሱቅ ውስጥም በእጅዎ ጀርባ ላይ ሞክረው አይግዙ፤ የዓይን ቆብ ቆዳ ከእጅ ቆዳ የሳሳና ብዙ ጊዜም የጠቆረ ስለሆነ እጅዎ ያመነውን ዓይንዎ አያምነውም።

ለአራታችሁ የምመክረው የሐምራዊን ቤተሰብ ነው። ለእርስዎ ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብለው ሐምራዊ፣ ለወንድምዎ ባለቤት ወደ ቀይ የሚያዘነብለው ወይን ጠጅ፣ ለሁለቱ ጥቁር ዓይናሞች ደግሞ ጠቆር ያለው ሐምራዊ ሆኖ በቆቡ መካከል አንዲት የወርቅ ነጠብጣብ ይታከልበት። ከሩቅ ሲታይ አራታችሁም አንድ ትመስላላችሁ፤ ከአረንጓዴው ቀሚስ ጋርም አይጣላም።

ነገር ግን ድንኳኑ ምን ዓይነት ሸራ እንዳለው ሳትጠይቁ ምንም አትወስኑ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲትን ሙሽራ በጓዳ ውስጥ በነጭ አምፖል ሥር በወይን ጠጅ ቀለም አሳምሬ ላክኋት። ከድንኳኑ ስደርስ ሸራው ሰማያዊ ነበር፤ በዚያ ብርሃን ውስጥ ቀዩ ጠፍቶ የዓይኗ ዙሪያ ልክ እንደተመታ ሰው የበለዘ መስሎ ታየኝ። የዚያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የሥዕል መምህር ከሰበታ

ባለሙያዋ በእጃቸው የሚያውቁትን ነገር ምክንያቱን ልጨምርበት፤ ሙሽራዋን ለማሳመን ይጠቅም ይሆናልና።

ቀለም ምንጊዜም የሚታየው ከጎረቤቱ ጋር ነው። ይህን ነገር በሥርዓት የመረመረው ሚሼል ኦዤን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። በፓሪሱ የጎብላን የሽመና ተቋም የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ የጥቁሩ ክር ማቅለሚያ ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ሲመረምረው ክሩ እንከን አልነበረበትም፤ ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ክር ነበር። ጥናቱን ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ ወጥታችሁ ጥለት ስትመርጡም ይኸው ነገር ይገጥማችኋል፤ አንዱ ቀይ ክር ከአረንጓዴ አጠገብ ሲሆን እሳት ይመስላል፤ ከብርቱካንማ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ይሞታል።

ሰፋ ያለ ቀለም ጎረቤቱን ወደ ራሱ ተቃራኒ ይገፋዋል። በሠዓሊዎች ዘንድ የቀይ ተቃራኒ አረንጓዴ፣ የብርቱካንማ ተቃራኒ ሰማያዊ፣ የቢጫ ተቃራኒ ሐምራዊ ነው። ቡናማ ማለት የጠቆረ ብርቱካንማ ስለሆነ ሰማያዊ ሲጎራበተው ይነቃል፤ የማር መልክ ያለው ዓይን ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ሐምራዊ ይስማማዋል። የወንድምሽ ባለቤት ላይ የደረሰውም በዚሁ ይፈታል። አንደኛ፣ ቆቧ ላይ የተቀባው አረንጓዴ ከዓይኗ አረንጓዴ የበረታ ስለነበር የዓይኗን ቀለም ሰረቀው። ሁለተኛ፣ አረንጓዴው ነጩን የዓይን ክፍል ወደ ቀይ ስለገፋው እንቅልፍ ያጣች መሰለች። እናንተ የሙሽራ ቤት ሰዎች ደግሞ በዋዜማው ሌሊት በእርግጥም እንደማትተኙ የታወቀ ነው።

ከባለሙያዋ ጋር የምለያይበት አንድ ነጥብ አለ። ሐምራዊም ያለ ዕዳ አይመጣም፤ እስከ ሽፋሽፍቱ ሥር ድረስ በሰፊው ከተቀባ ነጩን የዓይን ክፍል ወደ ቢጫ ይገፋዋል። ስለዚህ በሐምራዊውና በዓይኑ መካከል ቀጭን የጥቁር ሰማያዊ መስመር ቢሰመር እመርጣለሁ። ቀጭን መስመር እንደ ሰፊ ቀለም ጎረቤቱን አይገፋም፤ እንዲያውም ወደ ራሱ መልክ ይስበዋል፤ ሰማያዊ ቀጭን መስመር ነጩን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስለውም በዚህ ይመስለኛል። ነጭ ልብስ ሲታጠብ በመጨረሻው ውኃ ላይ ጠብ የሚደረገውን ሰማያዊ ማሰብ ነው።

ለሙሽራዋ የሚሆን ማስረጃ ይኸውልሽ፦ ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ትናንሽ ክቦች ቆርጠሽ አንዱን በአረንጓዴው ቀሚስ ላይ፣ ሌላውን በቀይ ጨርቅ ላይ አስቀምጪና ከመስኮት አጠገብ አሳያት። ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ በአረንጓዴው ላይ ያለው ቀላ ብሎ፣ በቀዩ ላይ ያለው አረንጓዴ መሰል ሆኖ ይታያታል።

እናት ከለገጣፎ

ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ሳነብ ገረመኝ። እኛ ስንዳር ኩል ብቻ ነበር፤ እሱም ለጠይሟም ለቀይ ዳማዋም ለሁሉም ይሆን ነበር። የሰርግ ዘፈኑስ ቢሆን ስለ ኩል እንጂ ስለ አይሻዶ መቼ ዘፍኖ ያውቃል? ይሁን እንጂ ዘመኑ የእናንተ ነው፤ አልከራከርም።

እግረ መንገዴን ግን የምጠይቀው አለኝ። ዓይኔ ጥቁር ነበር፤ አሁን በስተርጅና የጥቁሩን ዙሪያ ሰማያዊ መሳይ ግራጫ ክብ ከበበው። የልጅ ልጄ የምትዳረው በየካቲት መጀመሪያ ነው፤ ጾም ሳይገባ። ይህ ክብ ያለባት አሮጊት የምትቀባው ቀለም ካለ ንገሩኝ፤ ከሌለም በኩሌ እቀጥላለሁ፤ ከእናቴ የወረስኩት ብልቃጥ ገና አላለቀም።

የዓይን ነርስ

እማማ፣ ያ ክብ በዕድሜ ምክንያት ኮርኒያ በሚባለው ብርሃን አሳላፊ የዓይን የፊት ሽፋን ጠርዝ ላይ ስብ ሲከማች የሚመጣ ሲሆን በአረጋውያን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ማየትንም አይከለክልም። ከ40 ዓመት በታች በሆነ ሰው ላይ ከታየ ግን የደም ቅባት መመርመር ያስፈልጋል።

ኩሉን በተመለከተ እባክዎ ይስሙኝ። በልዩ ልዩ አገሮች በባሕላዊ ኩል ላይ በተደረጉ ምርመራዎች የእርሳስ ማዕድን ተገኝቷል፤ በዚህም የተነሣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩልን ለመዋቢያነት አይፈቅድም። ይህ ማዕድን በተለይ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል። ስለዚህ የእናትዎን ብልቃጥ ለመታሰቢያ ያስቀምጡትና ለዓይንዎ ይዘቱ የተጻፈበት ጥቁር የዓይን እርሳስ (እንደ መጻፊያ እርሳስ ያለውን መኳያ እንጂ ማዕድኑን አይደለም) ይጠቀሙ። ጥቁሩ ያው ጥቁር ነው።

ለአራቱ ሚዜዎችም አንድ ነገር ልጨምር፤ ፓሌቱ የጋራ ቢሆን እንኳ ብሩሹ፣ ማስካራውና የዓይን እርሳሱ የጋራ አይሁን። የዓይን ሕመም በአንድ ብሩሽ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በቀላሉ ይተላለፋል፤ የቀላ ዓይንን ደግሞ ሐምራዊም ሆነ አረንጓዴ አያድነውም። የተከፈተ ማስካራ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ይጣል። በኮዬና በአካባቢው የበጋ አቧራ ስለሚበዛ ፓሌቱን ከፍቶ ማስቀመጥም አይገባም።

የኮዬዋ ሚዜ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመምህሩን ወረቀት ትናንት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በረንዳችን ላይ ሞከርነው። ሙሽራዋ ሁለቱ ክቦች ከአንድ ወረቀት የተቆረጡ መሆናቸውን ስላላመነች ራሷ ሌላ ቆርጣ ደገመችው፤ ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። አረንጓዴ ይቅር ያለችው ግን በከፊል ነው፤ የገዛችው ፓሌት እንዳይባክን ትፈልጋለች።

ሐምራዊውንም በየፊታችን ሞክረነዋል። የወንድሜ ባለቤት በወይን ጠጁ ዓይኗ እንደ ወይራ ቅጠል ለምልሞ ታየ። የእኔም ዐመድ ከሥሩ ክሬም ሲገባበት ጠፋ፤ ጥቁር ሰማያዊው መስመር ባይኖር ግን ሐምራዊው ይከብደኝ ነበር፤ ስለዚህ በመምህሩና በባለብሩሽ መካከል ያለውን ልዩነት እኔ ላይ መምህሩ አሸንፈዋል። ከጥቁር ዓይናሞቹ አንደኛዋ፣ ጥቁር ቆዳ ያላት፣ ጠቆር ያለው ሐምራዊ ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ተሰወረባት፤ ምንም እንዳልተቀባች ሆነች። ለእሷ ምን ይደረግ?

ድንኳኑን የሚያከራዩት ሰው ሸራው ነጭ ሆኖ ቢጫ ሰንበር እንዳለው ነግረውኛል።

ባለብሩሽ ከቱሉ ዲምቱ

የመምህሩን እርማት ተቀብያለሁ፤ መስመሩን ከአሁን በኋላ በራሴ ደንበኞች ላይም እሞክረዋለሁ።

ለጥቁሯ ሚዜ ጠቆር ያለው ሐምራዊ መመረጡ የእኔ ስሕተት ነው፤ ዓይኑን ብቻ አይቼ ቆዳውን ሳልጠይቅ ተናገርኩ። ጥቁር ቆዳ ላይ ድምቀት እንጂ ጥቁረት አይሠራም። የሚያብረቀርቅ ደማቅ ሐምራዊ በረጠበ ብሩሽ ይደረግላት፤ የወርቅ ነጠብጣቧም ሰፋ ትበል። እንዲህ ያለው ቀለም እንደ እርስዎ ወይም እንደ ወንድምዎ ባለቤት ባለ ቆዳ ላይ ይበዛል፤ በእሷ ላይ ግን ልክ ይሆናል፤ ቀንታችሁ እንዳትቀቡት።

የሙሽራዋ አረንጓዴም አይጣል። ለሁለቱ ጥቁር ዓይናሞች ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር በቀጭኑ ይሰመርላቸው፤ ቀሚሱን ያስታውሳል፤ ዓይናቸውንም አይጎዳም። ለእርስዎ ከታች ያው ጥቁር ሰማያዊው ይቀጥል፤ ለወንድምዎ ባለቤት ግን አረንጓዴ የሚባል ነገር ወደ ዓይኗ አይጠጋ።

ቢጫ ሰንበር ያለው ነጭ ሸራ መልካም ዜና ነው። ብርሃኑ ሞቅ ስለሚል ሰማያዊውን በጥቂቱ ያደበዝዘዋል እንጂ ወይን ጠጁን አያበልዝም፤ ስለዚህ የእርስዎ ሐምራዊ በጓዳ ውስጥ ከሚያስፈልገው ትንሽ ጠንከር ይበል። የምትዋቡት በመስኮት አጠገብ ይሁን፤ ከዚያም አንዷ ወደ ድንኳኑ ቀድማ ገብታ በስልክ ያለ ፍላሽ ትነሣና ሌሎቹ እሷን አይተው ያስተካክሉ። የፎቶ አንሺው ፍላሽ ከዓይን ሥር የተነሰነሰ ነጭ ፓውደርን አጉልቶ ስለሚያሳይ ፓውደሩን አታብዙ።

እማማ፣ እርስዎን አልረሳሁም። ግራጫ ሰማያዊው ክብ የሚወደው መዳብና ነሐስ ነው፤ የሰማያዊ ተቃራኒ ብርቱካንማ ነው ተብሏልና። የማያብረቀርቀው ዓይነት በጣት ጫፍ ስስ ተደርጎ ይቀባልዎት፤ የሚያብረቀርቀው የቆቡን መስመሮች ያጎላል። ከላይ ነርሷ ያሉት ጥቁር የዓይን እርሳስ ሲታከልበት፣ ከሙሽራዋ ይልቅ የሚታዩት እርስዎ እንዳይሆኑ ብቻ እሰጋለሁ።